የበርበሬ መጋዘን ዘማሪዎች

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ አንድ የመዝሙር ጓድ ነበር። አባላቱ ትንፋሽ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔም አንዷ ነበርኩ። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ መናገሩን ትቼ መጻፉን መረጥኩ። የማንንም ስም አላነሳም። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ቢኖሩም ያን መዝሙር የሚያስታውሳቸው ሰው የሚሹ አይመስለኝም።

በሽታው ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ ሐኪም ስሙን ነገረኝ። ያኔ ግን ስም አልነበረውም፤ «ደረቷን ያፍናታል» ነበር የሚባለው። ሲነሳብኝ አየሩ ይገባና መውጫው ይጠፋበታል። ደረቴ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይላል። መጋደም ስለማልችል ግድግዳ ተደግፌ አድራለሁ። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድና ሳቅ ያስነሱብኛል። ከእነዚህ ውስጥ መተው የቻልኩት ሳቁን ብቻ ነው።

አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ሥራው ቆመና ቤት ዋለ። ታናሽ ወንድሙ ከዘመቻው አልተመለሰም። መሞቱን የነገረን አብሮት የዘመተ ሰው ነው፤ ግን ያኔ ሰው ተሰብስቦ መቀመጥ ክልክል ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጥንም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። እኔ በአንዱ ግድግዳ፣ እሱ በሌላው ተደግፈን ብዙ ጊዜ ተያይተን ውለናል፤ የተነጋገርነው ግን ትንሽ ነው።

እናቴን የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜዬ ለትዳር ደርሷል፤ ታስላለች የተባለች ልጅ ደግሞ ባል አታገኝም። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብታ ባዶ ሙቀጫ ትወቅጥ ነበር፤ ሳሌ እንዳይሰማ። ሳሌ በበረታ መጠን እሷም ትበረታለች። ጎረቤቶቻችን ብዙ የምንበላ ቤተሰብ እንደሆንን ያምኑ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ ምን እንደምንወቅጥ የጠየቁም አልጠፉም።

በነጻነት የማስልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ ገበያው ውስጥ በርበሬ ተራ። እዚያ ሁሉም ሰው ያስላል። ገዢውም ሻጩም ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ማንም ማንንም በሽተኛ አይልም። በሽታዬን ለመደበቅ በሽታዬን ወደሚያባብሰው ቦታ እሄድ ነበር ማለት ነው። እናቴም በርበሬ እንድገዛ ስትልከኝ ደስ ይላታል፤ «ሂጂ፣ እዚያ ትንሽ ሳል ብለሽ ነይ» ትለኛለች።

አንድ የገበያ ቀን እዚያው ተነሳብኝ። ከጆንያዎቹ አጠገብ ተንበረከክሁ። ከእንሴኖ የመጡ አንድ የመስቃን ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ። ሌላው ሰው ሲስቅና ሲያስነጥስ እሳቸው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያንቺ ሳል የበርበሬ አይደለም» አሉኝ።

መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

«የኔ የበርበሬ ነው። ግን በርበሬውን ሸጬ ስጨርስም አብሮ አልተሸጠልኝም።»

ከዚያ ክርኔን ጉልበቴ ላይ እንዳደርግ፣ ወደፊት ዘንበል እንድል አሳዩኝ። ለሚያየን ሰው የምንጸልይ እንመስል ነበር፤ እሳቸው በእስላም፣ እኔ በክርስቲያን ደንብ። ትንፋሼ ሲመለስ፣ በነጋታው ወደ መጋዘናቸው እንድመጣ ነገሩኝ። «እንደኛ ያሉ አሉ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደኔ ያለ ሌላ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

መጋዘኑ የቆርቆሮ ቤት ነው። ጦርነቱ ንግዱን ስላቀዘቀዘው ባዶውን ነበር። ከሌላው ቤት የሚለየው ምድጃ ስለሌለው ነው፤ በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ ጭስ የማይገባው ቤት ሌላ አላውቅም። የተገኘው አንድ ጭስ የሌለበት ቤት የበርበሬ መጋዘን መሆኑ የኛ ዕድል ነው። ነጋዴው ግድግዳውን በውሃ ደጋግመው አሳጥበውታል። ሆኖም እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ግድግዳው የድሮውን በርበሬ ያስታውሳል። ያኔ ሁላችንም ተደጋግፈን ወደ ውጭ እንወጣለን፤ ፀሐይዋ ስታዘነብል እንመለሳለን።

እዚያ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛዋ ቡታጅራ ያገቡ የቸሃ ሴት ናቸው። በአካባቢው የታወቁ አስለቃሽ ነበሩ። እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው እንደሞተ አይቆጠርም ይባል ነበር። ከምድጃ ሥር ያሳለፉት ዘመን ግን ደረታቸውን ዘጋው። ሁለተኛው ከዘመቻ የተመለሱ ሰው ናቸው። አውሮፕላን ከላይ የረጨው መርዝ ደረታቸውን አቃጥሎታል። ስለዚያ ነገር አይናገሩም። ሲቀመጡ ሁልጊዜ በሩን በጎን እያዩ ነው።

ምን ታደርጉ ነበር ብትሉኝ፣ እንቀመጥ ነበር። አስለቃሿ ትንፋሽ የሚረዝመው ወደ ውስጥ በመሳብ ሳይሆን በማውጣት እንደሆነ አስተማሩኝ፤ ከለቅሶ ያገኙት ነገር ነው። «ትኩስ አጥሚት አቅርበውልሽ ልጠጣው ስትዪ እፍ እንደምትዪው» ይሉኛል። «አትቸኩዪ፣ አጥሚቱ የትም አይሄድም።» አንዱ ሲታፈን የጎረቤቱን ጉልበት በእጁ ይነካል። የተነካው ሰው ድምፁን እያሰማ፣ ቀስ እያለ ይተነፍስለታል፤ የታፈነው እሱን እየተከተለ ይመለሳል። እዚያ ቤት «አይዞሽ» የሚል ሰው አልነበረም። አይዞሽ ለማለት ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ቀልድ ግን ነበር፤ አጭር አጭር ቀልድ። አስለቃሿ ዘማቹን «አያ፣ የዛሬው ፉጨትዎ ዜማ አለው፤ ከየት ተማሩት?» ይሏቸዋል። ዘማቹ ደግሞ ቆይተው፣ ሌላ ወሬ ከተጀመረ በኋላ፣ «ከርስዎ ማንኮራፋት» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ሳቅ ስለማይስማማኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

በዚያ መጋዘን መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ሌሊቱ ቀለለኝ። ሲነሳብኝ ጨለማው ውስጥ የማንን ጉልበት እንደምነካ አስባለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ ሲወሰድብን ምን እንደሚወሰድብን በደንብ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን የታጠቀ ባንዳ በሩን ገፍቶ ገባ። ሰዎች በየቀኑ ዘግተው ይቀመጣሉ፣ የሚያወሩት አይሰማም፣ እየተነካኩ ያፏጫሉ የሚል ወሬ ደርሶታል። ፉጨቱ ለአርበኞች ምልክት ነው ብሎ ጠርጥሯል። ሁላችንንም ይዞን ወደ ጣሊያኑ ሹም ሄደ። መንገዱ ዳገት ስለነበር ደጋግመን ቆመናል። ባንዳውም ጠመንጃውን ደግኖ እየቆመ ጠበቀን፤ አንዴ የተቀመጥንበት ድንጋይ ላይ እሱም ተቀምጦ ነበር።

ሹሙ አጠገብ አስተርጓሚው ቆሟል። ከሰሜን የመጣ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው። ከተማው ይወደው ነበር፤ ምክንያቱም ትርጉሙ አጭር ነው። ሹሙ ገበያ መካከል ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ይናገራል፤ አስተርጓሚው «ጸጥታ አስከብሩ ነው የሚለው» ብሎ ይጨርሳል። ሰው ሁሉ ጣሊያንኛ ቃላት የሚያባክን ቋንቋ ይመስለው ነበር።

ሹሙ ምን እንደምንሠራ ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደኛ ዞረ።

«እንተነፍሳለን ብለህ ንገረው» አሉ ነጋዴው።

«ይህን አልነግረውም» አለ አስተርጓሚው። «ማን አዘዛችሁ ይላል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። ያለ ቅጣት መሰብሰብ የሚቻለው ለጸሎት፣ ለሥራ ወይም ለመንግሥት ለመዘመር ነው። ለጸሎት ነው እንዳይል እስላምና ክርስቲያን ተቀላቅለናል። ለሥራ እንዳይል ቆመን ያየን ሰው አያምነውም። ትንሽ አሰበና ወደ ሹሙ ዞሮ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ሹሙ ፊቱ በራ። ተነስቶ የነጋዴውን ትከሻ መታ፤ ነጋዴው አሳሉ።

«ዘማሪዎች ናችሁ» አለን አስተርጓሚው።

ሹሙ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። ትልቅ ጄኔራል ከአዲስ አበባ ሊጎበኝ ይመጣል። እስካሁን የሚዘምርለት ሰው ጠፍቶ ሹሙ ሲጨነቅ ነበር። በዚያ ቀን የነሱን መዝሙር ጥሩ አድርገን ከዘመርን መጋዘኑ ለመለማመጃ ይፈቀድልናል። ካልሆነልን የበቅሎ በረት ይሆናል።

በነጋታው አስተርጓሚው ራሱ ወደ መጋዘኑ መጣ። በሩን ዘጋ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ዘንበል አለ። ከዚያ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ከሁላችን የባሰ ነበር። ትርጉሙ ለምን አጭር እንደሆነ ያኔ ገባን።

አስለቃሿ ጉልበቱን ነክተው ይተነፍሱለት ጀመር። ሲመለስለት ነጋዴው ጠየቁት።

«ከምድር ሥራ ሁሉ ለምን ዘማሪ አልከን?»

«ሌላ ልጨምርበት ነበር» አለ። «ትንፋሽ አጠረኝ።»

ልምምድ ጀመርን። የመዝሙሩን ትርጉም ጠየቅነው፤ ብትሰሙት ሳል ይጨምርባችኋል አለን። ማናችንም አንድ ስንኝ መጨረስ አንችልም። ስለዚህ አስለቃሿ ተከፋፍለን እንድንለው አደረጉ። አንዱ እስከቻለ ድረስ ይዘምራል፣ ሲያልቅበት የጎረቤቱን ጉልበት ይነካል፣ ያኛው ከቆመበት ይቀጥላል። በመልካም ቀን ዳገት የምትወጣ ካሚዮን እንመስል ነበር። በክፉ ቀን ዳገቱ ያሸነፋትን።

ዘማቹ ግን አልዘመሩም። አብረው ይቀመጣሉ፣ ተራቸው ሲደርስ አፋቸውን ዘግተው በሩን ያያሉ። አስተርጓሚው ለመናቸው፤ አፍዎን ብቻ ይክፈቱልኝ አላቸው።

«ትንፋሼን ወስደዋል» አሉት። «የቀረችውን ዘምሬ አልሰጣቸውም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላስገደዳቸውም። ተራቸው ሲደርስ አስለቃሿ በላያቸው ተንጠራርተው ቀጣዩን ሰው ይነካሉ። መዝሙሩ በዘማቹ ላይ እንደ ድልድይ ያልፋል።

ሹሙ አንዴ ልምምዳችንን ሊያይ መጣ፤ ያውም እኩለ ቀን ላይ። ግድግዳው በርበሬውን ማስታወስ ጀምሯል። ሁላችንም እየዘመርን እንባችን ይወርዳል። ሹሙ በር ላይ ቆሞ አየን፤ የሱም ዓይን እንባ ሞላ፤ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ለአገሩ መዝሙር ያለቀስን መስሎት በጣም ተነካ። አስነጥሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶን ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባንዳው ሲያገኘን መንገድ ይለቅልን ነበር።

ነገሩ ቤታችን የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው። እናቴ ለጣሊያን እንደምዘምር ስትሰማ ለጎረቤቶቹ በራሷ አንደበት ነገረቻቸው። ለጠላት የምትዘምር ልጅ ከምታስል ልጅ ሳትሻል አትቀርም ብላ አመዛዝናለች። አባቴ ግን ከኔ ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ተወ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኔም እውነቱን አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር ከሳሌ መጀመር ነበረብኝ፤ በቤታችን ደግሞ ሳል የሚባል ነገር አልነበረም።

ጄኔራሉ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ገበያው ዳር ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ። ሰው ሁሉ እንዲቆም ታዘዘ፤ ገበያተኛውም ዕቃውን እንደዘረጋ ከኋላ ቆመ። ሹሙ ረጅም ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው «እንኳን ደህና መጡ ነው» አለ። ጄኔራሉ ከዚያ የረዘመ ንግግር አደረገ። አስተርጓሚው «እግዜር ይስጥልኝ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ የኛ ተራ ነበር።

አግዳሚ ወንበር ላይ በረድፍ ተቀመጥን። ዘማሪ ቆሞ ነው የሚዘምረው ቢባልም፣ አስተርጓሚው የአገሩ ወግ ተቀምጦ ነው ብሎ አስፈቅዶልናል። መኪኖቹ ያነሱት አቧራ ገና አልተኛም። ነጋዴው ጀመሩ። እንደፈራሁት ቶሎ አለቀባቸውና ጉልበቴን ነኩ። እኔ ተቀበልኩ፤ አቧራው ጉሮሮዬን ያዘው፤ የአስለቃሿን ጉልበት ነካሁ። እሳቸውም ትንሽ ሄዱና ትንፋሻቸው ተቆረጠ። የተለመደውን መንጠራራት የሚያስችል አቅም አጡ። እጃቸው ሳያስቡት ዘማቹ ጉልበት ላይ አረፈ።

ዘማቹ ዝም አሉ።

ዝምታው ረዘመ። ሹሙ አንገቱን ወደኛ አዞረ። አስተርጓሚው ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ከንፈሩ አመድ መስሏል። እኔ የማስበው በቅሎዎቹን ነበር፤ በመጋዘኑ ውስጥ ቆመው ታዩኝ።

ያኔ አስለቃሿ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እፍ አሉ፤ ረጅም እፍ። ከዚያ ቃል ሳይመርጡ ለማርዘም የሚችሉትን ብቸኛ ዜማ አወጡ። ዋይታ ነበር። በጉራግኛ ነው ያለቀሱት፤ ድምፃቸው ሙሉ ነበር ማለት አልችልም፤ ግን በዚያ አገር ያን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ያልተቀበሩትን፣ ያልተለቀሰላቸውን፣ ሜዳ ላይ የቀሩትን ነበር የሚጠሩት።

ዘማቹ ተነሱ። ከዚያ ቀን በፊት ሳይደገፉ ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም። የጓዶቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣላቸው አንድ ስም ብቻ ነው። ስም ይጠራሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ያጎነብሳሉ፣ አየር ይፈልጋሉ፣ ቀና ብለው ሌላ ስም ይጠራሉ።

በጉራጌ አገር ዋይታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ገበያው እንዳለ ተነሳ። በርበሬው፣ ቆጮው፣ በጎቹ ባለቤት አልባ ቀሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ባንዳው እንኳ ጠመንጃውን አንግቶ ሲንሰቀሰቅ አይቻለሁ፤ እሱም የቀረበት ሰው ኖሯል። አባቴን ከሩቅ አየሁት፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦ ቆሟል።

ዘግይተው የደረሱት ማን ሞተ ብለው ይጠይቃሉ። ከፊት ያሉት እንዳይመልሱ አፋቸው ለቅሶ ላይ ነው። አንዲት ሴት በወንበሩ ላይ በክብር የተቀመጠውን ጄኔራል አየችና «እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም» አለች። አጠገቧ ያለው «ተቀምጠው እኮ ነው» ሲላት «እንዲህ አድርገው ይሆናላ የነሱን የሚያስቀምጡት» ብላ ልቅሶዋን ቀጠለች።

ጄኔራሉ ምን እንደሚሉ ጠየቀ። አስተርጓሚው የሰሜን ሰው ነው፤ ጉራግኛ አይችልም። አንዲት ቃል አልገባውም። የገባው ለቅሶ መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህን ቢናገር ደግሞ ሁላችንም እንጠፋለን።

በኋላ ምን ብለህ መለስክ ብንለው፣ «ለርስዎ ነው አልኩት። ሌላ ለመጨመር ትንፋሽ አልነበረኝም» አለን።

ጄኔራሉ ተነሳ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ ቆመ። እንዲህ ያለ አቀባበል በሄደበት ሁሉ ገጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ። ለኛ ለዘማሪዎቹ ስጦታ እንዲሰጠን አዘዘ። ስጦታው ሲጋራ ነበር። አስለቃሿ ፓኮውን አገላብጠው አይተው ምን እንደሚደረግበት ጠየቁ። አስተርጓሚው ሲነግራቸው በጣም ቆይተው «አሁንስ የታመምነውን ነገር አውቆታል» አሉ።

ወሬው በዚያ አልቆመም። ጄኔራሉ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ከዚያ በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ ወረደ። ወሬው ግን በእግር መንገድ፣ በተራራው በኩል በቸሃ አድርጎ ቀደመው። ወልቂጤ ሲደርስ ሕዝቡ ስለሱ ሞት ለቅሶ ላይ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ አልቃሾቹ ዝም አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርበው እጁን ዳሰሱ። አብሮ የሄደው አስተርጓሚያችን የክብር ደንብ ነው ብሎ አስረዳው። ጄኔራሉ በዚህ አገር እንደኔ የሚወደድ ሰው የለም ብሎ ተመለሰ አሉ።

መጋዘኑ ተፈቀደልን። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማው ውስጥ በሕግ የሚለቀስበት አንድ ቤት እንዳለ ሰው ሁሉ አወቀ። የቀረበት ሰው የሌለው ቤት ደግሞ አልነበረም። ዘማሪ መሆን እንፈልጋለን እያሉ ይመጡ ጀመር። ነጋዴው ቤቱ የሚያስሉ ሰዎች ነው፣ ትንፋሽ ላጠረው ብቻ ነው ብለው ይመልሳሉ። በነጋታው ሰዎቹ እያሳሉ ተመለሱ።

እኔ እውነተኛውን ሳል ለይቼ አውቃለሁ ተብዬ በር ላይ ተቀመጥኩ። ፈርጠም ያሉ ገበሬዎች፣ ጆንያ በትከሻቸው የሚሸከሙ ሰዎች ይመጣሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ያስላሉ። አንዱ ሲያስል አምኜለት እንደሆነ ለማወቅ በጎን ያየኛል። «ይህ የጉሮሮ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። «እትዬ፣ ዕድል ስጪኝ፣ ቁጭ ብዬ ልሳል» የሚለኝ ነበር። እኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነኝ፤ እትዬ የሚያሰኘኝ በሩ ነው። ብዙዎቹን መልሻለሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ በሞላ ቁጥር እኛ የምንተነፍሰው ያንሳል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አባቴ መጣ።

ወረፋውን ጠብቆ ነው የደረሰው። ፊቴ ቆመ፣ አላየኝም። ጋቢውን ከአፉ ላይ ዝቅ አድርጎ አሳለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መጥፎ ሳል ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ቆይቶ ደገመ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

«ይግቡ» አልኩት።

ነጋዴው ከውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሯል፤ ቦታ ለቀቁለት። ከአባቴ በኋላ ግን ሌላውን መመለስ አልቻልኩም። ቤቱ ሞላ። ቆርቆሮው ጋለ፣ የሰው ሙቀት ግድግዳውን አሞቀው፣ በርበሬው ተነሳ፤ ጤነኞቹ ሁሉ እንደኛ ማሳል ጀመሩ። ያን ያህል ሕዝብ ባለበት እኛ መቆየት አልቻልንም። ተደጋግፈን ወጣን። ከመጋዘኑ ጀርባ ጥቂት እንሰት ነበረ፤ ከሥሩ ተቀመጥን። ጥላው ሰፊ ነው፣ ጭስ የለም፣ አቧራ የለም። ባንዳው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ውስጥ ያሉትን ስለሆነ እኛን የሚያይ አልነበረም። ዘማቹ ቅጠሉን ቀና ብለው አዩና «ይህ ከመጀመሪያውም እዚህ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አስለቃሿ «ሞኝነታችንን አሁን አይቁጠሩብን» አሏቸው። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የተቀመጥነው እዚያ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጤነኞቹ በመዘመር ስም ያለቅሳሉ፤ ውጭ እኛ በነሱ ስም እንተነፍሳለን።

የዚያን ዕለት አባቴ ከውስጥ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እውነተኛ ሳል ይዞታል። አጠገቤ ተቀመጠ። ክርኑን የት እንደሚያደርግ አሳየሁት። እፍ ማለትንም አሳየሁት። ቆይቶ ትንፋሹ ሲረጋ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ሁልጊዜ አይደለም» አልኩት።

ማታ ከአንድ መሶብ በላን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንግዶች መጡ፤ ስለኔ ትዳር ለማነጋገር የመጡ ይመስለኛል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ምድጃው ጨሰና ያዘኝ። እናቴ ወዲያው ተነስታ ወደ ጓዳ፣ ወደ ሙቀጫዋ ሄደች። አባቴ ከተቀመጠበት እጁን ዘርግቶ ቀሚሷን ያዘ።

«ተዪው» አላት። «ትሳል።»

እንግዶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እኔ ሳልኩ፤ ረጅም ጊዜ ነው የሳልኩት። አባቴ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን እያሰማ፣ ቀስ ብሎ ይተነፍስ ነበር።